የሌላ እጅ ጠርዝ

አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ብርድ ልብስ ላዩ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ ከሥሩ ጥጥ ይነጠፍለትና በሌላ ጨርቅ ይደገፋል። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ድሪቶ ነው። ድሪቶ ግን የድህነት ስም ሆኖ ስለቀረ የአያቱን ሥራ በዚህ ስም የሚጠራ የለም። አንዳንዴ የሚወረሰው ያላለቀው ነው፤ ላዩ ተሰፍቶ ጥጥ ሳይገባበት ሣጥን ውስጥ የቆየው። ወራሿ አውጥታ ስትዘረጋው ለዛሬ አልጋ ያንሳል። ዙሪያውን ጠርዝ ልትቀጥልበት ታስባለች።

የነጠላ ጥለት ከነጠላው ጋር በአንድ ሸማኔ እጅ ይሸመናል፤ መሃሉና ዳሩ ባለቤታቸው አንድ ነው። እዚህ ግን መሃሉ የሟች፣ ዳሩ የቋሚ ነው።

ጥያቄው መጀመሪያ የልክ ብቻ ይመስላል። በእጅ የተሰፋ ጨርቅ ግራና ቀኙ እኩል አይመጣም፤ ዳሩ ሲጎተት ይለጠጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች ልኩን ከመሃል ይወስዳሉ፤ የግራና የቀኙን ጠርዝ በዚያ ልክ እኩል ቆርጠው፣ የተለጠጠውን ዳር እየሰበሰቡ ይሰፉበታል። ካልሆነ ጠርዙ አልጋው ላይ አይተኛም፤ እዚህም እዚያም ይነፋል። ምክሩ ትክክል ነው። ግን አዲሱ ጠርዝ አሮጌውን ሥራ ቀጥ በል እያለው ነው።

አላባማ ውስጥ፣ ወንዝ በሦስት በኩል በከበባት ጂዝ ቤንድ፣ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ እናት እ.ኤ.አ. በ1942 ባላቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሳቸውን ቆራርጠው ኩዊልት ሰፉ። የዚያች መንደር ሥራዎች በ2002 በሂውስተንና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ሲታዩ፣ ብዙዎቹ ጎናቸው ከጎናቸው አይገጥምም ነበር። ያንን መንጋደድ ስህተት ብሎ የሚያርም ሰው የሴቶቹን እጅ ያጠፋል።

ይሁንና እነዚያው ሴቶች የሰፉት ለግድግዳ ሳይሆን ለብርድ ነው። ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥም ክብር አይመስልም፤ እንዲያውም ብል ነው የሚያከብረው።

እንግዲህ ጥፋቱ መቀጠሉ ላይ አይደለም፤ መቀሱ ላይ ነው። የተሰፋ ይተረተራል። ካሬ እንዲሆን ተብሎ የተከረከመ ዳር ግን አይመለስም፤ የሟቿ የመጨረሻ ስፌት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱ ጠርዝ ጠማማውን ዳር ተከትሎ ጠማማ ይሁን፤ ትንሽ ቢነፋም ይንፋ። አሮጌ የሚመስል ጨርቅ ፈልጎ ማመሳሰልም ትንሽ ውሸት አለበት፤ አዲሱ አዲስ ቢመስል ምን ነውር አለው? ጀርባው ላይ ሁለት ስምና ሁለት ዓመት በክር ይጻፍ። የመጀመሪያዋ ስም ካልታወቀ ቦታው ባዶውን ይቆይላት።