ያረፈ መሣሪያና የማይታይ ግዴታ

በሰሜን አውሮፓ የበረዶው ወራት ሲቃረብ፣ በነዳጅ ሞተር የሚበርሩ አነስተኛ የአውሮፕላን ሞዴሎች ከሜዳ ተሰብስበው ወደ ማኖሪያቸው ይገባሉ። የዓመቱን የመጨረሻ በረራ ተመልካች ያጨበጭብለታል። ከዚያ በኋላ ባለሞዴሉ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚፈጽመውን ተግባር ግን የሚያይለት የለም። ለመሆኑ ምስክር የሌለው ሥራ ግዴታነቱ ከምን ይመነጫል?

መልሱን ከሞተሩ ከራሱ እንነሣ። ሬይ አርደን በ1947 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ካንዴላ ወዲህ የተስፋፋው ይህ ሞተር፣ በባትሪ ግሎ ከተነሣ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ይሠራል። ከተለመዱት ነዳጆቹ አንዱ 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ የጉሎ ዘይት ነው። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ በቆመ ሞተር ውስጥ የቀረ ነዳጅ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። በአገራችን ምጣድ የሚታሰስበት የጉሎ ዘይትም፣ በሥራ ጊዜ የፒስተኑ ጠባቂ ሆኖ ሳለ፣ ለወራት ሲተው ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በሥራ የጠበቀው በዕረፍት ያስረዋል። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ሞተሩን የሚጎዳው ሥራው ወይም ዕረፍቱ ሳይሆን፣ በሁለቱ መካከል ሳይፈጸም የቀረው ተግባር ነው።

ጠንቃቃው ሰው የነዳጅ ማጠራቀሚያውን አንጠፍጥፎ ያደርቃል። ቱቦውን ነቅሎ ሞተሩን ውስጡ የቀረውን እስኪጨርስ ያሠራዋል። ከዚያም ጥቂት የመጠበቂያ ዘይት በካርቡራተሩ ጨምሮ ፕሮፔለሩን በእጁ ያዞራል። ባትሪውን ያወጣል፤ ክንፉ እንዳይጣመምም ጭነት ሳያሳርፍበት በደረቅ ስፍራ ያኖረዋል።

«ንብረቱ የራሱ ነው፤ ቢዝግ ጉዳቱም የራሱ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ አባባል ሚዛን አይደፋም። ወራቱ አልፎ ሞዴሉ እንደገና ሲነሣ፣ ተሰንጥቆ የሰነበተ ቱቦ ሞተሩን በአየር ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ ከበታቹም ሜዳው ላይ ሰው ይኖራል። ያ ሰው በማኖሪያው ክፍል ውስጥ የተፈጸመውን ቸልታ አላየም፤ ዕዳውን ግን ሊከፍል ይችላል። እንግዲህ የማይታየው ሥራ ግዴታነቱ የሚመነጨው ዛሬ ከሚያጨበጭበው ተመልካች ሳይሆን፣ ነገ ከበረራው በታች ከሚቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ ብሩሹን ያላጠበ ሠዓሊ፣ የክራሩን ጅማት ያላላላ ሙዚቀኛ፣ የቤተ ሙከራውን ዕቃ ሳያጸዳ በሩን የዘጋ መምህር ሥራዬን ፈጸምሁ ሊል አይገባውም። ሥራ የሚፈጸመው ለሚቀጥለው ሥራ ሲዘጋጅ ነው።