አፈርን ወርቅ የሚያደርገው ኢክሲር የት ነው?

 

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲመኘው የኖረ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ርካሹን በአንድ ጀምበር ውድ የሚያደርግ ነገር ማግኘት ነው። የቀድሞዎቹ የኪሚያ ሰዎች ይህን ነገር “አል-ኢክሲር” ብለው ሰየሙት። ጥቂት ዱቄት በቀለጠ መዳብ ወይም እርሳስ ላይ ቢነሰነስ ብረቱን ወደ ንጹሕ ወርቅ ይለውጠዋል ብለው አመኑ። ሌላው ስሙ “አል-ኪብሪት አል-አሕመር”፣ ማለትም ቀይ ድኝ ነበር። በየኩሽናችን የምንጭረው ክብሪት ስሙን ያገኘው ከዚሁ የዐረብኛ ቃል ነው። ዐረቦች ከቶ የማይገኝ ብርቅ ነገርን ሲገልጹ በቀይ ድኝ ይመስሉታል።

ይህን ያነሳነው ያለፈውን ዘመን ለማውጋት ብቻ አይደለም። ኢክሲር ፈላጊው ዛሬም በመካከላችን አለ። የጠቆረ ወረቀት በሻንጣ ይዞ “ይህ ዶላር ነው፤ የሚያጥበው ኬሚካል መግዣ ብቻ ጎደለኝ” እያለ የሰው ጥሪት የሚዘርፍ አለ። “ብርህን አምጣ፣ ደግሜበት እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ” የሚልም አለ። አንዳንዱ መቁጠሪያ ጨብጦ፣ የቁርኣን አንቀጽ እያነበነበ ነው የሚመጣው። በዚህ ምክንያት ለልጅ ትምህርት፣ ለሱቅ ዕቃ ወይም ለሐጅ የተጠራቀመ ገንዘብ የጠፋበት ሰው ጥቂት አይደለም። ብዙዎቹ ደግሞ ሰው እንዳይስቅባቸው አፍረው ዝም ይላሉ። ተንኮሉ ግለሰብን ብቻ የሚያጠቃ እንዳይመስለን። በ2000 ዓ.ል. ብሔራዊ ባንክ ከገዛው ወርቅ ከፊሉ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ መገኘቱ ይታወሳል። ጉዳዩ ይፋ የወጣውም ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ጭነት ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነበር።

ለመሆኑ የእስልምና ሊቃውንት ስለዚህ ጥበብ ምን አሉ? እንደሚታወቀው ኪሚያ በሙስሊሙ ዓለም ትልቅ ቦታ ነበረው። በጃቢር ኢብኑ ሐያን ስም የሚጠሩት መጻሕፍትና ሐኪሙ አቡበክር አር-ራዚ የጻፋቸው ሥራዎች ማጣራትን፣ ማትነንን፣ ማቅለጥን ለዓለም አስተምረዋል። የዛሬው “ኬሚስትሪ” ስሙን የወረሰው ከዚህ ነው። ወርቅ ይሠራል የሚለውን ግን ታላላቅ አሳቢዎች አልተቀበሉትም። በ428 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው ኢብኑ ሲና፣ አንጥረኞች ቀዩን ብረት ነጭ አስመስለው ሊቀቡት ይችላሉ፤ ባሕርዩ ግን አይለወጥም አለ። በ808 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው ኢብኑ ኸልዱንም በ“ሙቀዲማ”ው በዚህ ላይ ሰፊ ምዕራፍ ጽፏል። ሰዎችን ወደ ኪሚያ የሚገፋቸው ሠርቶ ማደር መድከሙ ነው ይላል። ከዚህም አልፎ፣ በየገጠሩ መስጊድ እየተጠጉ ወርቅ መሥራት እናውቃለን በማለት ባለጸጎችን የሚያታልሉ የዘመኑን ደረሳዎች ያጋልጣል። ልብ በሉ! ከስድስት መቶ ዓመት በፊትም አታላዩ የሚጠጋው ሰው አምኖ ወደሚቀመጥበት ቦታ ነበር።

የቃሩን ታሪክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሱረቱል ቀሰስ እንደተነገረን ቃሩን ያን ሁሉ ሀብት ያገኘሁት ባለኝ ዕውቀት ነው ብሎ ተኩራራ። አንዳንድ ሙፈሲሮች ዕውቀቱ ኪሚያ ነበር ብለዋል። ኢብኑ ከሲር ግን ይህን አባባል ውድቅ አድርጎታል፤ የነገሮችን ባሕርይ መለወጥ የሚችል ከአላህ (ሱ.ወ.) በቀር ማንም የለምና። ኪሚያም ሆነ አልሆነ የቃሩን መጨረሻ ከነቤቱ ወደ መሬት መስጠም ነበር።

እንግዲያውስ ኢክሲር የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም ማለት ነውን? ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ505 ዓመተ ሂጅራ ከማረፋቸው በፊት በፋርስ ቋንቋ ለጻፉት መጽሐፍ “ኪሚያኤ ሰዓዳ”፣ የደስታ ኪሚያ፣ የሚል ስም ሰጡት። ሐሳባቸውም የሰውን ልብ ከእንስሳነት ዝቅታ አውጥቶ ወደ መላእክት ንጽሕና የሚያደርስ ኪሚያ አለ፤ እርሱም የሚገኘው በነቢያት ግምጃ ቤት ብቻ ነው የሚል ነው። ኪሚያውን ከብረቱ ወደ ልቡ አዞሩት ማለት ነው።

ቁርኣን ለዚህ የሚሰጠን ምሳሌ አለ። በሱረቱ ረዕድ አያ 17 አላህ (ሱ.ወ.) ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንደኛው ከሰማይ ወርዶ ሸለቆዎችን በየመጠናቸው የሚሞላ፣ አረፋ ተሸክሞ የሚወርድ ጎርፍ ነው። ሁለተኛው ለጌጥ ወይም ለዕቃ ተብሎ በእሳት የሚቀልጥና ተመሳሳይ አረፋ የሚያወጣ ማዕድን ነው። በሁለቱም አረፋው ተጥሎ ይጠፋል፤ ለሰው የሚጠቅመው ይቀራል። ውሃና ወርቅ በአንድ አያ ውስጥ የተገናኙት ለአንድ ትምህርት ነው።

ወርቅ ሲቀልጥ ያየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ጎርፍ ሲጠራ ግን በየዕለቱ ሳናውቀው እንጠቀምበታለን። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ለገዳዲ አለች። እዚያ የተሠራው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጠናቀቀ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የከተማይቱ ዋነኛ የውሃ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ብዙዎቻችን ለሱብሒ ሰላት ውዱእ የምናደርግበት ውሃ ከዚያ የተነሳ ነው። ይህ ውሃ በተለይ በክረምት ከእርሻው የታጠበውን አፈር ይዞ ወደ ማጣሪያው ሲደርስ ድፍርስ ነው። በዕቃ ቀድተው ቢያስቀምጡት እንኳ በቀላሉ አይጠራም።

ለምን ይሆን? ጭቃው እጅግ ደቃቅ ነው። ከዚያም በላይ ቅንጣቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚይዙ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ተሰብስበው መዝቀጥ አይችሉም። ባለሙያዎቹ በዚህ ላይ እንደ አሉሚኒየም ሰልፌት ያለ ማጣሪያ በጥቂቱ ይጨምራሉ። መጠኑን አስቀድመው በላቦራቶሪ ይፈትኑታል፤ ቢያንስ አያጠራም፣ ከልክ ቢያልፍም ያበላሻል። ያቺ ጥቂት ነገር ግፊያውን ታበርደዋለች፤ ደቃቁ ጭቃ እየተያያዘ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ውሃው በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻም በመንገድ ላይ እንዳይበከል ክሎሪን ይጨመርበታል።

እንግዲህ ኢክሲር የፈለገ ይህን ይመልከት። ጥቂት ዱቄት ድፍርሱን ጠርቶ ኩልል ያለ ውሃ አደረገው። ነገር ግን ውሃው ወደ ሌላ ነገር አልተለወጠም። ውሃው ድፍርስ ሳለም ውሃ ነበር። የሆነው ቢኖር ያልሆነው ነገር ከእርሱ መለየቱ ነው። የሰው ልጅም በፊጥራ፣ ንጹሕ ሆኖ ተፈጥሯል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎችን በወርቅና በብር ማዕድን መስለው፣ በጃሂሊያ ምርጥ የነበሩት ዲንን ሲገነዘቡ በኢስላምም ምርጥ እንደሚሆኑ አስተምረዋል። ቢላል (ረ.ዐ.) የሐበሻ ባሪያ ተብሎ በመካ አሸዋ ላይ ሲሰቃይም ወርቅ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ሙስሊሞችን ያሳድድ በነበረበት ዘመንም ያ ጥንካሬ በውስጡ ነበረ። ኢማን ዝገቱን ባነሳው ጊዜ አንደኛው የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ሌላው ፍትሐዊ ኸሊፋ ሆነ።

የኛ ኢክሲር ተውባ ነው። ተውባ ደግሞ እንደ ማጣሪያው ሥርዓት አለው። ወንጀላችን ብዙ ጊዜ የማይዘቅጠው ደቃቅ ስለሆነ ነው። ትንሽ ሐሜት፣ ትንሽ የሚዛን ጉድለት፣ ትንሽ የውሸት ምሕላ እየተበተነ በልባችን ይንሳፈፋል፤ “ይህማ ምን አላት” እያልን እናልፈዋለን። ስለዚህ መጀመሪያ ነፍስን መተሳሰብና ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ድርጊቱን ማቆም፣ መጸጸትና ላለመመለስ መወሰን ይመጣል። የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ለባለቤቱ መመለስ ግድ ነው። ዝቃጩ ከገንዳው ሥር ካልተጠረገ ውሃው ተመልሶ ይደፈርሳል። ከዚያ በኋላ ልክ እንደ ክሎሪኑ እስከ መጨረሻ የሚዘልቅ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ይህም በሰላትና በዚክር የሚጸና ኢስቲቃማ ነው። በሱረቱል ፉርቃን አያ 70 አላህ (ሱ.ወ.) ለተጸጸተ፣ ላመነና መልካም ለሠራ ባሪያ ክፉ ሥራዎቹን ወደ መልካም እንደሚለውጥለት ቃል ገብቷል። የባሕርይ ለውጥ ማለት ይህ ነው! የሚለውጠውም ሌላ ማንም ሳይሆን አላህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት ልናነሳ ይገባል። አንዳንድ ወንድሞች በማታለል፣ በሪባ ወይም የሰው መሬትና ድርሻ በመንጠቅ ካካበቱ በኋላ ለመስጊድ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ በረመዳን ድንኳን ጥለው ያስፈጥራሉ። ገንዘቡ በዚህ የጸዳ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ጥቁሩን ወረቀት በኬሚካል አጥቦ ዶላር ከማድረግ በምን ይለያል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ንጹሕ እንደሆነና ከንጹሕ በቀር እንደማይቀበል ነግረውናል። ምንጣፉ አዲስ ቢሆንም የተነጠቀችው የቲም ሐቅ ከሥሩ አለ። ሐቁን መመለስ ከምንጣፉ ይቀድማል።

የተታለለውን ወገናችንንም አንርሳ። ገንዘቡን የተቀማ ሰው መሳቂያ ሊሆን አይገባም። ዝምታው የሚጠቅመው አታላዩን ብቻ ነውና ለሕግ ያመልክት፣ በጀማዓው መካከል ደፍሮ ይናገር፤ በዚህ ሌላውን ያድናል። የመስጊድ ኢማሞቻችንም ከሚንበር ላይ ቁርኣንን የብር ማባዣ አድርጎ የሚመጣ ሁሉ ሐሰተኛ መሆኑን በግልጽ ያስተምሩ። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ነቢይና ንጉሥ ሳሉ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ብረቱን አላህ ቢያለሰልስላቸውም ወርቅ አላደረጉትም፤ ጥሩር ሠሩበት እንጂ።

ውድ አንባቢያን! ነገ ማለዳ ቧንቧ ከፍታችሁ ውዱእ ስታደርጉ ያ ውሃ ከየት ተነስቶ፣ ምን ጥሎ እንደመጣ አስቡ። እኛስ ፊታችንን ስንታጠብ ከልባችን ምን ጣልን? የማንስ ሐቅ በእጃችን ቀረ?

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ያጥራልን፤ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ተውባችንን እውነተኛ ያድርግልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።