የሚመረጠው አይመርጥም

ድራፍት ሲባል አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጃምቦ ነው። አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ በጠዋት ቡና ማፍያው አጠገብ ቆመው ስለ ድራፍት ሲከራከሩ ስሰማ፣ እነዚህ ሰዎች ቁርስ ሳይበሉ ስለ ቢራ ያወራሉ እንዴ ብዬ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የሚያወሩት የአሜሪካ እግር ኳስ ክለቦች በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ስለሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ያው ያንን በአብዛኛው በእጅ የሚጫወቱትን፣ እኛ «እግር ኳስ» ለማለት የሚተናነቀንን ማለቴ ነው።

ባለፈው መጋቢት ቢሮ ውስጥ ውድድር ተጀመረ። እያንዳንዳችን አንድ ክለብ ይዘን የእረፍቱን ወራት ዕቅድ እናወጣለን፤ ማን ይሰናበት፣ ውላቸውን ከጨረሱት ማን ይፈርም፣ ሚያዝያ ላይ ማን ይመረጥ። እኔ ጨዋታውን በቅጡ አላውቀውም፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን እንጀራዬ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቀለል ያለ ፕሮግራም ጻፍኩ። እያንዳንዱ ተጫዋች ለክለቡ ምን ያህል ይጠቅማል ተብሎ የሚገመተውን በዶላር አስቀምጦ፣ የሚከፈለውን ይቀንስበታል። የቀረውን ቁጥር የያዘውን ዓምድ «ትርፍ» አልኩት። የፕሮግራሙ ሥራ አንድ ነው፤ ብዙ ትርፍ ያለበትን ልጅ ከላይ ማስቀመጥ።

እህቴ ከአዲስ አበባ የደወለችልኝ ያን ጊዜ ነው። ሐኪም ናት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ተጫዋች እየመደብኩ።»

«በዕጣ ነው?» አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። እሷ በተመረቀችበት ጊዜ አዲስ ሐኪሞች የሚመደቡት በዕጣ ነበር። እናታችን ሳምንቱን ሙሉ ስትሳል ከረመች። የእህቴ ዕጣ ስሙን እንኳ ሰምተነው የማናውቅ ቆላ ወረዳ ላይ ወደቀ። አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዛ ሄደች። ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ነገሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብዬ አልጠየቅኩም። ምደባ ምደባ ነው፣ በቃ። እኔም ራሴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አምስተኛ ብዬ በሞላሁት ምርጫዬ ነው። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ስሞች እያየሁ ጥያቄው መጣብኝ፦ ለሁሉም እኩልነት ሲባል የአንድን ሰው ምርጫ መውሰድ ፍትሕ ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በፈረንጆቹ 1935 ቤርት ቤል የሚባል ሰው የፊላዴልፊያ ኢግልስ ክለብ ባለቤት ነበር። ክለቡ ይሸነፋል፤ ሲሸነፍ ተመልካች ይቀንሳል፤ ተመልካች ሲቀንስ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ሲጠፋ ጥሩ ልጅ አይመጣም። ጥሩ ጥሩዎቹ ወደ አሸናፊዎቹና ወደ ሀብታሞቹ ይሄዳሉ። ቤል ለሌሎቹ ባለቤቶች አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ካለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይምረጥ። ተስማሙ፤ የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 ተካሄደ። ዛሬ 32 ክለቦች በሰባት ዙር ይመርጣሉ። አንድ ልጅ በአንድ ክለብ ከተመረጠ ከሌላ ክለብ ጋር መደራደር አይችልም። አልፈልግም ካለ ያለው መንገድ ዓመቱን ቁጭ ብሎ ማሳለፍ ነው።

መጀመሪያ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር ይባላል። በደመወዝ አልተስማማምና አንድም ቀን በዚያ ሊግ ሳይጫወት ሌላ ሥራ ያዘ። የመጀመሪያው ተመራጭ የመጀመሪያው እምቢ ባይ ሆነ ማለት ነው።

የቤል ሐሳብ ግን ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግሪን ቤይ ወደ አንድ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት፤ ክለቧ ከኒውዮርክ ክለቦች ጋር እኩል ይፎካከራል፣ ዋንጫም ይበላል። እኛ የምናውቀውን የአውሮፓን ኳስ ተመልከቱ። እዚያ ድራፍት የለም፤ ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል። ውጤቱስ? ባየር ሙኒክ ከ2013 እስከ 2023 ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ በተከታታይ የጀርመንን ሊግ በላ። በአሜሪካው ሊግ ሱፐር ቦውልን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ክለብ እስከ ዛሬ የለም። እኩልነቱ በራሱ የመጣ አይደለም፤ ዋጋ ተከፍሎበታል። ጥያቄው ማን ከፈለ ነው።

ይህን ለማየት የኔ «ትርፍ» ዓምድ ይበቃል። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2025 ለአንድ ክለብ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መጋቢት ላይ ውላቸውን የጨረሱ ነባር ተጫዋቾች ገበያ ይወጣሉ፤ እነሱ ውድ ናቸው። ሚያዝያ ላይ የሚመረጡት ጀማሪዎች ግን ደመወዛቸው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ለአራት ዓመት ይታሰራሉ። ስለዚህ ጎበዝ ዕቅድ አውጪ የሚባለው፣ ከሚገባው በታች የሚከፈለውን ልጅ አግኝቶ በተረፈው ገንዘብ ነባሩን የሚገዛው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። እኛ መሐንዲሶች «ቅልጥፍና» የምንለው ነገር እዚህ ቦታ ላይ ሲተረጎም፣ ለአንድ ሰው ከዋጋው አሳንሶ መክፈል ነው።

ብሮክ ፐርዲን ውሰዱ። በ2022 ከ262 ተመራጮች 262ኛው ነበር፤ የመጨረሻው። ሳን ፍራንሲስኮ መረጠው። በመጀመሪያው ዓመት ኳሱን የሚመራው ዋና ተጫዋች ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት ክለቡን ሱፐር ቦውል አደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መደበኛ ደመወዙ በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር አይሞላም ነበር፤ በእሱ ቦታ የሚጫወቱ ታዋቂዎች ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ያገኙ ነበር። በ2025 ክለቡ እስከ 265 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የአምስት ዓመት ውል ሰጠው። መጨረሻው ያማረ ታሪክ ነው። ግን መሀል ላይ የሆነውን እንዳንረሳ። ጥር 2023 ላይ በፊላዴልፊያ ሜዳ የሚወረውርበት ክንዱ ክርን ላይ ጅማቱ ተበጠሰ፤ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ያ ክርን ባይድን ኖሮ 265 ሚሊዮኑ አይኖርም ነበር። ትርፉን እስከዚያ ድረስ ክለቡ ወስዶታል፤ ኪሳራው ግን የልጁ ይሆን ነበር።

ክርኑ ያልዳነለትን ሰው ታሪክ ያገኘሁት ከቤቴ ሳልርቅ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ጁዲሸሪ ስኩዌር ብትወርዱ፣ የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ቅርብ ነው። ጄምስ ስሚዝ፣ በቅጽል ስሙ ያዙ ስሚዝ፣ ክሱን የመሠረተው በዚሁ ፍርድ ቤት ነው። የዋሽንግተን ክለብ በ1968 በመጀመሪያው ዙር መረጠው። የአንድ ዓመት ውል ፈረመ፤ ደመወዙና ጉርሻው ተደምሮ 50 ሺህ ዶላር። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አንገቱን ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ክለቡ ለቀጣዩ ዓመት ያገኘው የነበረውን 19,800 ዶላር ጨመረለት። አለቀ። ስሚዝ በ1970 ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ ድራፍት ባይኖር ከብዙ ክለቦች ጋር ተደራድሬ ለጉዳት ዋስትና የሚሰጠኝን እመርጥ ነበር ነው ያለው። ፍርድ ቤቱ በ1976 ፈረደለት፤ በ1978 ይግባኝ ሰሚውም ድራፍቱ በዚያን ጊዜ ይዞታው የውድድር ሕግን ይጥሳል አለ።

ታዲያ ድራፍቱ ለምን እስከ ዛሬ አለ? ምክንያቱም በ1977 የተጫዋቾች ማኅበርና ክለቦቹ በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ አስገቡት፤ በስምምነት የመጣ ነገር ደግሞ ከዚያ ሕግ ይጠለላል። እኔን የከነከነኝ እዚህ ላይ ነው። የተስማማው ማን ነው? ማኅበሩ የነባሮቹ ነው። ገና የሚመረጠው ልጅ ያኔ ኮሌጅ ነው፤ ምናልባትም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል አገኘ። በ2011 አዲስ ስምምነት የጀማሪዎቹን ደመወዝ ገደበ፤ የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን በ22 ሚሊዮን ፈረመ። ፊርማው የነባሮቹ ነበር፤ ክፍያው የሚመጡት ልጆች። ያልተወለደ ልጅ ምስክር አይጠራም።

«መራጮቹ እኮ ባለሙያ ናቸው፤ ልጁ የሚስማማውን ቦታ ያውቁለታል» የሚል አለ። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን መርምረውታል። በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጡ ዕድል 52 በመቶ ብቻ ሆኖ ነው ያገኙት። ሳንቲም መወርወር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድራፍትና የእህቴ ዕጣ ያን ያህል አይራራቁም። አንዱ ካሜራና ጭብጨባ አለው፤ ሌላው የተጠቀለለ ወረቀት።

ማታ መልሼ ደወልኩላት። ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ ይቅር ነው የምትለው?» አለችኝ።

«አንቺን ያለ ፍላጎትሽ አይደል የላኩሽ?»

«ስማኝ፤ እዚያ በሄድኩ በሦስተኛው ወር ሁለት ቀን ያማጠች ሴት በቃሬዛ አመጡልኝ። ከኔ ሌላ ሐኪም አልነበረም። እሷም ልጁም ተረፉ። በኔ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት አታገኘኝም ነበር፤ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ።»

መልስ አልነበረኝም።

«ዕጣው አልከፋኝም» አለች ቀጥላ። «ወባ ይዞኝ አሥራ አምስት ቀን ስተኛ ግን አንድም የጠየቀኝ አልነበረም። መጥቶ የወሰደኝ አባባ ነው፤ በአውቶቡስ። ሲልኩኝ የሕዝብ ነበርኩ፣ ስታመም የአባቴ ልጅ ሆንኩ። የከፋኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የማስበው በእሷ አነጋገር ነው። ቤርት ቤል የሌባ ሐሳብ አላመጣም። ለደካማው ክለብም፣ ሐኪም ለሌለው ወረዳም ሲባል የአንዳንድ ሰው ምርጫ ሊወሰድ ይችል ይሆናል። ሁሉም እንደ ልቡ ቢሄድ ጠንካራው ይጠነክራል፣ ቆላው ወረዳ ባዶውን ይቀራል። ግን ምርጫን የወሰደ አደጋውንም አብሮ መውሰድ አለበት። አንድን ልጅ «ለሊጉ ጥቅም ስትል እዚህ ትሄዳለህ» ካልከው፣ አንገቱ ሲሰበር «የራስህ ጉዳይ ነው» ልትለው አትችልም። ዛሬ የመጀመሪያው ዙር ተመራጮች ውል ከፍ ያለ ዋስትና አለው፤ በታችኛዎቹ ዙሮች የተመረጠው ልጅ ግን ከፊርማ ጉርሻው ውጭ የሚተማመንበት እምብዛም የለም። ትርፉ የጋራ፣ ስብራቱ የግል ከሆነ፣ እኩልነት የምንለው ነገር ከደካማ ላይ ወስዶ ለሌላ ደካማ መስጠት ነው።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ሚሊየነሮች እኮ ናቸው፣ ምን ያሳዝኑሃል?» አለኝ። ስለ ማዘን አይደለም። ኃይል ያለው መቼም መውጫ አያጣም። ጆን ኤልዌይ በ1983 ለባልቲሞር አልጫወትም አለ፤ ቤዝቦል መጫወት ይችል ስለነበር ሰሙት፣ ዴንቨር ሄደ። ኢላይ ማኒንግ በ2004 ሳን ዲዬጎን እምቢ ብሎ ኒውዮርክ ገባ። እምቢታው የሚሰማው የአንደኛው ተመራጭ ነው፤ የሁለት መቶኛው አይደለም። ሥርዓት የሚመዘነው ደግሞ በሁለት መቶኛው ነው።

ውድድሩ ላይ ሦስተኛ ወጣሁ። ፕሮግራሙን አልሰረዝኩትም፤ ዓምዱን ግን ስሙን ቀየርኩት፤ «ትርፍ» የነበረው አሁን «ዕዳ» ይላል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ አደራደሩም አልተለወጠም። ቢያንስ ግን ማንን እንደማስቀድም ስወስን፣ ማን ማንን እንደሚያበድር አውቃለሁ።