ገበያውን አሳዩኝ

 

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ወደ መሐል የሚገባውን የታክሲ ሰልፍ ተመልከቱ። ከሰበታ ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሱሉልታ የእንጦጦን ቁልቁለት ይዞ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ሕዝብ መካከል ስንት የመርካቶ፣ የጎጃም በረንዳ፣ የፒያሳ ልጅ አለ! አንዱን ጠጋ ብላችሁ «ሰፈርህ የት ነው?» ብትሉት «የመርካቶ ልጅ ነኝ» ይላችኋል። የተጠየቀው የሚኖርበትን ነበር። ቡራዩ ከገባ አራት ዓመት አልፎታል፣ የመጨረሻ ልጁም እዚያው ተወልዷል፤ እሱ ግን ልቡን መርካቶ አስቀምጦ ገላውን ብቻ ነው ያሻገረው። ይህን የምጽፈው በሰው ለመሳቅ አይደለም። እኔም ከዚሁ ሰልፍ ነኝ።

የመጣንበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱን የቤት ኪራይ ገፍቶታል፤ ሌላው በዕቁብ ያጠራቀማትን ይዞ ጥቂት ካሬ መሬት ፍለጋ ወጥቷል፤ ሌላው ደግሞ በ2016 (እ.ኢ.አ.) በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳ ላይ ሰፈሩ ፈርሶበታል። የመጣንባቸው ከተሞችም ራሳቸው ተለውጠዋል፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 (እ.ኢ.አ.) ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ታዲያ አንድ ሙስሊም ሳይመርጠው የመጣበትን ለውጥ በምን ዓይነት ልብ ይቀበለው?

አንዳንዶች እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሲመክሩ «አልሐምዱሊላህ በል፣ አታጉረምርም» ብለው ያልፉታል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ የሶሃቦች ታሪክ በሌላ መልክ በተነገረን ነበር። በ622 እ.ኤ.አ. ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ የጠበቃቸው ንዳድ ነው። አቡበከርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ወደቁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልትጠይቃቸው ገብታ ያየችውን ነግራናለች፤ ቢላል ትኩሳቱ ለቀቅ ባደረገው ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆ፣ የሸለቆዋን ሣር፣ የአካባቢዋን ውኃና ተራሮች በግጥም ይናፍቅ ነበር። ልብ በሉ! ይህች መካ ደረቱ ላይ ቋጥኝ የተጫነባት መካ ናት። ስቃዩን ያየባትን ከተማ ነው የናፈቀው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ በተነገራቸው ጊዜ ቢላልን አልገሠጹትም። ኢማንህ ደከመ አላሉትም። አላህን ለመኑ እንጂ፤ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያም በላይ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው፣ ጤናማ እንዲያደርጋት፣ በሷዕና በሙድ ማለትም በገበያ መስፈሪያዋ ላይ በረካ እንዲያወርድ። ናፍቆቱ አልተወገዘም፤ የተለመነው ግን የደረሱባት ከተማ እንድትወደድላቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ለውጥን በተስፋ መቀበል በደልን አሜን ብሎ መቀበል አይደለም። በግንቦት 2015 (እ.ኢ.አ.) በሸገር ከተማ መስጂዶች በመፍረሳቸው የተነሣ፣ በታላቁ አንዋር መስጂድ በሁለት ተከታታይ ጁሙዓዎች ተቃውሞ ተሰምቶ የሰው ሕይወት ማለፉን ማናችንም አንረሳም። አላህ ይዘንላቸው። ሙስሊም መብቱን በሕጋዊ መንገድ ይጠይቃል። ሆኖም መብቱን የሚጠይቀው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያኛው ነው።

ስለ ራሴ ልናገር። መርካቶ ሳለሁ በጀመዓ የመስገድ ችግር አልነበረብኝም። ጎረቤታችን ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ «ተነሥ እንጂ» ይለኛል፣ እነሣለሁ። አዛኑ ከሦስት አቅጣጫ ይሰማል። ዙህር ሲደርስ የሰዉ ጉርፍ ራሱ እየገፋ መስጂድ ያደርስሃል። በዚህ ነገር ራሴን ጠንካራ አድርጌ እቆጥር ነበር። ቡራዩ ከገባሁ በኋላ ክረምቱ መጣ። መስጂዱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ የመንገድ መብራት የለም፣ ውሻም አለ። «ቤት ብሰግድስ?» አልኩ። ቤት መስገድ ለመድኩ። ከዚያ ሱብሂን ፀሐይ ትቀድመኝ ጀመር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተገለጠልኝ ነገር አሳፈረኝ፤ ያ ሁሉ ሰላት የሰፈሩ እንጂ የእኔ አልነበረም። ሰፈሩ ሲቀር አብሮ ቀረ።

የሱረቱ-ረዕድ 11ኛው አንቀጽ በየሚንበሩ ይነበባል። እኛ ግን ስለ ሕዝብና ስለ አገር ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ አንቀጹ በነፍስ ውስጥ ስላለው ነገር መናገሩን እንዘነጋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ሙሃጂር ማለት አላህ የከለከለውን የተወ ሰው መሆኑን አስተምረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። እንግዲህ ዕቃውን በአይሱዙ ሲያስጭን ጫቱን፣ ሐሜቱንና ቁጣውን አብሮ የጫነ ሰው ቤት ቀየረ ይባል ይሆናል፤ ሌላ ምን ተለወጠ?

እኔ መስጂድ መመላለስን እንደገና የጀመርኩት በመግሪብና በዒሻ ነው። ቢያንስም የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን በሐዲስ ስለተማርን በትንሹ ጀመርኩ። ባትሪ ገዛሁ፣ ቦት ጫማ ገዛሁ። (አትሳቁብኝ፤ ሰላቴን ካተረፉልኝ ነገሮች አንዱ ያ ቦት ጫማ ነው።) ሱብሂ የተጨመረው ከረመዷን በኋላ ነው።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የመካ ነጋዴ ነበር። መዲና ሲገባ ሀብቱ ከኋላው ቀርቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲናው ሰው ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብቴን እኩሌታ ውሰድ አለው። ዐብዱረህማን አላህ በሀብትህና በቤተሰብህ በረካ ያድርግልህ ብሎ መረቀውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ገበያው በየት ነው? የበኒ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩት። ከዚያም ያተረፈውን አይብና ቅቤ ይዞ ተመለሰ።

አይብና ቅቤ! ይህን ሲሰማ የሱሉልታ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ወተት ከብዙ ዘመን ጀምሮ መታወቂያው ነውና። ታዲያ መርካቶ ጣቃ ይሸጥ የነበረ ወንድማችን ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሱሉልታ እያደረ፣ በየቀኑ ለታክሲ እየከፈለ የድሮው በር ላይ ሄዶ የሚቆመው ለምንድን ነው? ሥራ ያለው ይሂድ፣ ማለፊያ ነው። እኔ የምለው በልማድ የሚሄደውን ነው። ደጁ ያለውን ገበያ አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አላየውም። ሰበታ የማውቃት አንዲት እናት ግን ከአዲስ አበባ በወጣች በሳምንቷ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ የሚያስወጡበትን ሰዓት አጠናች። ዛሬ ሳንቡሳዋ ከዐስር በኋላ አይገኝም።

ገበያ ደግሞ ቋንቋ ይፈልጋል። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያዙት በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። እኛ አራት ዓመት ተቀምጠን ከ«አካም ጅርታ» አላለፍንም። ያገሬው ሰው ምን ይሰማው ይሆን ብለን አስበንስ እናውቃለን? እኛ ከሰፈራችን ወጣን፤ ገበሬውን ግን ከተማው ማሳው ድረስ መጣበት። በመስጂዳችን የፊተኛው ሶፍ ላይ የማይጠፉ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ ቀን ከመግሪብ ስንመለስ ጤፍ ይዘሩበት የነበረውን ቦታ በምርኩዛቸው አሳዩኝ። የተከራየሁት ቤት እዚያው ውስጥ ነበር። የምናገረው ጠፋኝ። እሳቸው «ጎረቤት አላህ ነው የሚሰጥ» አሉኝና ማታ በልጅ ልጃቸው እርጎ ላኩልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሮምኛ የሚያስተምሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስሳሳት በጣም ይስቃሉ።

መካ በ630 እ.ኤ.አ. ተከፈተች። ቢላል (ረ.ዐ) ሲናፍቃት ወደ ኖረችው ከተማ ገባ፤ በከዕባ ላይ ወጥቶም አዛን አደረገ። ሸለቆውም ተራሮቹም ከፊቱ ነበሩ። ከዚያ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ትኩሳት ወደ ጣለበት ወደ መዲና ተመለሰና እንደ ወትሮው የሱብሂን አዛን ማሰማቱን ቀጠለ።