ሃይማኖት የብቻ አባዜ ነውን?

ሃይማኖት ማለት አንድን ሰው ይዞ ሌላውን ሁሉ የሚያስረሳ ብርቱ አባዜ እንጂ ሌላ አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ነቀፋው አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ በመሰከረ ጊዜ፥ አገረ ገዥው ፊስጦስ መማር አብዝቶ አእምሮው የተነካ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነቀፈው። ሐዋርያው ግን ሳይቆጣ፥ ነገሩ በስውር ያልተደረገና ንጉሥ አግሪጳም የሚያውቀው መሆኑን በእርጋታ አስረዳ (የሐዋ. ሥራ 26)።

ይሁን እንጂ ጥያቄውን በንቀት ልናልፈው አይገባንም፤ አባዜ በእውነት አለና። ጳውሎስ ራሱ ሳውል ይባል በነበረበት ጊዜ፥ ለእግዚአብሔር የቀና መስሎት ወንዱንም ሴቱንም ከየቤቱ እየጎተተ ወደ ወኅኒ ያስገባ ነበር። ቅንዓቱ ብርቱ ነበር፤ ዕውቀት ግን አልነበረበትም። ስለዚህ የልብ መቃጠል ብቻውን ለሃይማኖት ምስክር ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? ፊተኛው ምልክት ለመመዘን መፍቀድ ነው። አባዜ የያዘው ሰው መካሪ አይሻም። ጳውሎስ ግን ከ14 ዓመት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የሚሰብከውን ወንጌል በሐዋርያት ፊት አቀረበ (ገላ. 2)። ከክርስቶስ የተቀበለውን በወንድሞቹ ማስመርመር አላሳፈረውም። እኛም የንስሓ አባት የምንይዘው፥ የፈቃድ ጾማችንንና ስግደታችንን እንኳ በምክር የምናደርገው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ለባልንጀራ መትረፍ ነው። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዱብሉቅ፥ ቱላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የታወቀች ናት። በዚያ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በተርታ ቆመው፥ በዜማ እየተጋገዙ፥ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያወጡ ኖረዋል። ከታች የሚቀዳው ምንም ብርቱ ቢሆን ብቻውን ከገንዳው አያደርሰውም፤ መቀበያውን ይዞ ቢያስቀርም ከላይ የቆመው ከብት ይጠማል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ በገዛ እጁ ካልተቀበለ ተርታው ይቋረጣል። ሃይማኖትም እንዲሁ ነው፤ ስለ ሌላው ሆኖ የሚያምን የለምና የግል ነው፥ የብቻ ግን አይደለም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ በቀሩ ጊዜ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ከብቱን ያጣም ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሎ በዱብሉቅ መጠለያ አረፈ። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን በመቅደስ ደጅ ዕንባውን እያፈሰሰ ስለ ተጠማው ወንድሙ ግን ያላሰበ ቢኖር፥ ያ ዕንባ ምን ነበረ? የነቃፊዎቹ ቃል በእኛ ላይ እውነት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ልባችን ስንት ጊዜ እንደ ጋለ ሳይሆን፥ የተራበውን አብልተን የተጠማውንም አጠጥተን እንደ ሆነ ነው (ማቴ. 25)።

ስለዚህ ካህናትም ምእመናንም፥ ለነቃፊው በክርክር ከመመለሳችን በፊት ሃይማኖታችንን በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች እንመዝን። ምክርን የሚቀበልና ለሌላው የሚተርፍ ሆኖ ከተገኘ ማንም አባዜ ቢለው አንታወክ። ሳይሆን ቢቀር ግን ነቀፋውን እንደ ተግሣጽ ተቀብለን ለንስሓ እንነሣ። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።