ለልጆች የተቀመጠው ውኃ

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10፥ ከቁጥር 25 እስከ 37



ጅቡቲ ከተማን የሚያውቅ ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሙቀትና ከምድረ በዳ የሚነሣውን ደረቅ ነፋስ አይረሳም። በዚያች ከተማ ባልባላ የሚባል ሰፈር አለ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1966 ከተማዋን በሽቦ አጥር ማጠር በጀመሩ ጊዜ፥ እንዳይገቡ የተከለከሉት ሰዎች ከአጥሩ ማዶ ጎጆ እየቀለሱ ያቆሙት ነው። ዛሬ የከተማዋ ክፍል ሆኗል፤ ነገር ግን ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠሩ፥ ግድግዳቸው የተያያዘ ቤቶች አሁንም ብዙ ናቸው። አፋሩ፥ ሱማሌው፥ የመናዊውና ከአገራችን የሄደው ስደተኛ በዚያች ከተማ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ መንደር አንድ የላምባ ምድጃ ቢገለበጥ፥ የእሳት አደጋ መኪና በጠባቡ መንገድ እስኪደርስ ድረስ ከጎረቤት በቀር ረዳት የለም።

ጎረቤትስ ምን አለው? አሸዋ አለው፤ ብርድ ልብስ አለው፤ በጀሪካን የተቀመጠ ውኃ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ምድር ወደ ጅቡቲ ውኃ በቧንቧ ይወርዳል፤ ሆኖም ቧንቧ ባልገባበት ቤት ያ ጀሪካን የልጆች መጠጥ ነው። እንግዲህ ፈተናው በዚህ ላይ ነው። ልባችን «ነገ ልጆቼ ምን ይጠጣሉ?» ይላል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ሳምራዊውም ሳይጠይቀው አልቀረም። ዘይቱና የወይን ጠጁ ለገዛ መንገዱ የተያዘ ስንቅ ነበርና። የቁስሉን ማሰሪያ ከየት እንዳገኘ ወንጌሉ አይነግረንም፤ እኔ ግን ከገዛ ልብሱ የቀደደው ይመስለኛል። ማርቲን ሉተርም በ1529 ባሳተመው ትልቁ ካቴኪዝም፥ አትግደል የሚለውን ትእዛዝ ሲተረጉም፥ በእሳት የወደቀውን ሰው ማውጣት ሲችል እጁን የሰበሰበ በዓለም ፊት እንኳ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይታያል ብሏል።

ፍቅር ግን ማስተዋልን ይፈልጋል። አስቀድሞ ሰው ይውጣ፤ ኤሌክትሪክ ካለ ይቋረጥ። የሚነደው ዘይት ወይም ላምባ እንደ ሆነ ውኃ አይፍሰስበት፥ ነበልባሉን ይበትነዋልና፤ አሸዋ ይደፋበት፥ ወይም በውኃ የራሰ ብርድ ልብስ ይከደንበት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል። ውኃው ገና ባልነደደው በሚቀጥለው ቤት ግድግዳ ላይ ቢፈስ ይበልጥ ይጠቅማል። እሳቱ ጣሪያውን ከያዘ ወደ ውስጥ መግባት ድፍረት እንጂ እምነት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቃጠለ ጊዜም፥ ሄሊኮፕተር ከውጭ አገር እስኪመጣ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታግሏል።

ሳምራዊው በማግሥቱ ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፥ የቀረውንም በመመለሻው ሊከፍል ቃል ገባ። ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው ማደሪያ የለውም፤ ድስቱ ጠቁሯል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ዐመድ ሆኗል። ውኃውን ያፈሰሰለት ጎረቤትም በማለዳ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ በሌላ ሰው ደጅ ይቆማል። ወንድሞች ሆይ፥ ያ ደጅ የእኛ ቢሆንስ?