ጩኸት ያስፈታው እውነት

ንጹሕ ሰው በሐሰት ታስሮ፣ ሕዝብ ስለጮኸለት ቢፈታ፣ የተፈጸመው ፍትሕ ነው ወይስ ምሕረት?

ግንቦት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢቫን ጎሉኖቭ የተባለ የምርመራ ጋዜጠኛ ሞስኮ መንገድ ላይ ተያዘ። “ሜዱዛ” ለተባለ የዜና ድረ ገጽ የሚሠራ፣ በዚያን ሰሞንም የከተማዋን የቀብር ንግድ ሲመረምር የነበረ ሰው ነው። ፖሊስ “ከቦርሳውና ከቤቱ አደንዛዥ ዕፅ አገኘን” አለ። የዕፅ ማምረቻ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችም አሰራጨ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ከጋዜጠኛው ቤት እንዳልተነሱ ራሱ አመነ።

ሰዎች ወደ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጎረፉ። በወቅቱ በሩሲያ ሕግ ያለ ፈቃድ ወጥቶ መቃወም የሚቻለው ለብቻ ነበር። ስለዚህ አንዱ መፈክሩን ይዞ ሲቆም ሌሎቹ ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ሲበቃው ቀጣዩ ይተካ ነበር። ሰኔ 3 ቀን ቬዶሞስቲ፣ ኮመርሳንትና አርቢኬ የተባሉት ጋዜጦች “እኔ/እኛ ኢቫን ጎሉኖቭ ነን” የሚል አንድ ዓይነት የፊት ገጽ ይዘው ወጡ። በማግሥቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቭላዲሚር ኮሎኮልትሴቭ በምርመራ ውጤት መሠረት ጥፋቱ ስላልተረጋገጠ ክሱ መቋረጡን አስታወቁ።

“ዛሬ በጩኸት ንጹሑ ከተፈታ፣ ነገ በጩኸት ወንጀለኛው ይፈታል” የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። መንጋ የሚሻው ፍርዱን ራሱ መስጠት ነው። ሦስቱ ጋዜጦች የጠየቁት ደግሞ ማስረጃው እንደማያሳምን ገልጸው፣ የፖሊሶቹ ድርጊት በጥብቅ እንዲመረመር ነበር። ሕግ ዓይኑን ጨፍኖ ሲገኝ “በሕግ አምላክ!” ብሎ መቀስቀስ ሕግ መጣስ አይደለም፤ ሕግን ማክበር ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ጋዜጣ የማያውቀው፣ ወዳጅ የሌለው ምስኪን በዚያው ዓይነት ክስ ቢያዝ ማን ይሰለፍለታል? ለታወቀው ብቻ የሚከፈት የእስር ቤት በር የፍትሕ በር አይባልም። ከፋቹ ነገ መልሶ ሊዘጋው ይችላልና ያ ምሕረት ነው። ይህን የተረዱ ብዙ ሞስኮውያን ሰኔ 5 ቀን፣ ጎሉኖቭ ከተፈታ በኋላ፣ አደባባይ ወጡ። ለእሱ የሚጠይቁት አልቆ ነበር፤ የወጡት ለማያውቁት ሰው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩትም ታሰሩ። በ2013 ዓ.ም. አምስት የቀድሞ ፖሊሶች በጎሉኖቭ ጉዳይ ከ5 እስከ 12 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

እኔ የዚያን ሕዝብ ክብር የምለካው በሰኔ 5ቱ ሰልፍ ነው። የሚወዱትን ሰው ማስፈታት ፍቅር ነው፤ የማያውቁትን ሰው መብት መጠየቅ ግን ፍትሕ ነው። እንግዲህ “እገሌ ታሰረ” ሲባል ስንሰማ፣ የማን ወገን እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት ማስረጃው ምን እንደሆነ እንጠይቅ።